በአፏ ያልገባው ጫት

ዶክተሩን ያኔ አንቱ ነበር የምለው። አሁን ስለ እሱ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ ይለኛል፤ ስለዚህ «እሱ» እላለሁ። አባቴ ቢሰሙኝ ይቆጡኝ ነበር።

የተወለድኩት አሰበ ተፈሪ ነው። አባቴ በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው ጨርቅና ሳሙና ሲሸጡ የኖሩ ነጋዴ ነበሩ። ቤት ውስጥ በስልጢኛ እንቆጣለን፣ ሱቅ ውስጥ በአማርኛ እንሸጣለን፣ ደጅ ወጥተን በኦሮምኛ እንጫወታለን። ሦስት ቋንቋ ማወቄ ኋላ ምን ላይ እንደሚውል ባውቅ ኖሮ አንዱን እረሳው ነበር።

የላቦራቶሪ ትምህርቴን ጨርሼ እዚያው የተወለድኩበት ከተማ ሐኪም ቤት ስመደብ የሶማሌው ጦርነት ገና ማለፉ ነበር። ክፍሌ ጠባብ ናት። አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረኝ፤ መብራት ሲጠፋ መስተዋቱን ወደ መስኮቱ አዙሬ በፀሐይ ብርሃን እሠራበታለሁ። ቀኑን ሙሉ የወባ ደም፣ አክታ፣ ሰገራ ሳይ እውላለሁ። ሥራዬን እወደው ነበር። ሰው የማያየውን ማየት ያኮራል።

ዶክተሩ ከእኔ በኋላ በዓመቱ መጣ። ከአዲስ አበባ ተመርቆ የወጣ፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ነበር። የሚጠላ ሰው አልነበረም፤ ይህንን መናገር አለብኝ፣ ካልተናገርኩ ቀሪውን የሚያምነኝ የለም። ሌሎች ሐኪሞች አፍንጫቸውን ይዘው የሚሸሹትን የቆሰለ አፍ እሱ ቁጭ ብሎ በእጁ ያጥበው ነበር። ያ ቁስል ደግሞ ብዙ ነበር። ከገለምሶ፣ ከመቻራ፣ ከሚኤሶ ቆላ፣ ጉንጫቸው ወይም ምላሳቸው ላይ የማይድን ነገር የወጣባቸው ሰዎች ይመጣሉ። ሁልጊዜ የሚመጡት ከረፈደ በኋላ ነው። ብዙዎቹን መልሰን ከመላክ ሌላ የምናደርግላቸው ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን እጁን እየታጠበ «የአፍ ነቀርሳ እዚህ አገር እንዲህ እንደበዛ ማንም ጽፎት አያውቅም። እኛ እንጻፈው» አለኝ።

«እኛ» ነው ያለው። ያችን ቃል ለብዙ ዓመት ይዣት ኖሬያለሁ።

ሥራውን ተከፋፈልን። እሱ ከቁስሉ ትንሽ ቆርጦ ይሰጠኛል፤ እኔ ፎርማሊን በሞላሁበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ ቁጥር እጽፍበታለሁ። ከዚያ በሽተኛውን በኦሮምኛ እጠይቃለሁ፦ ዕድሜው፣ መንደሩ፣ ሥራው፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረው፣ ትምባሆ ያጨስ እንደሆነ፣ ጥርሱን በምን እንደሚያጸዳ፣ ምን እንደሚበላ። መልሱን በደብተሬ በአማርኛ እጽፋለሁ፤ ኋላ እሱ በሰጠኝ ቅጽ ላይ ወደ እንግሊዝኛ እገለብጠዋለሁ። ስለ ጫት የሚጠይቅ መስመር ቅጹ ላይ አልነበረም። ለምን እንዳልነበረ አላውቅም። ምናልባት አገሩ ሁሉ የሚቅመው ነገር ስለሆነ ለመጠየቅ አልመጣልን ይሆናል።

በዚያ ሰሞን ምሳ ሰዓት ላይ ክፍሉ ብገባ፣ ከውጭ የተላከለትን መጽሔት ከፍቶ መጨረሻው ላይ የተደረደሩትን ስሞች በጣቱ ሲቆጥር አገኘሁት።

«ምን እየቆጠሩ ነው ዶክተር?»

«ይሄ ሰውዬ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ።»

«ቢጠቀስ ምን ያገኛል?»

ሳቀ። «ሳይንስ ውስጥ ሰው ሲጽፍ እውቀቱን ከማን እንዳገኘው መናገር አለበት። ብዙዎች ስምሽን ከጠሩ አለሽ ማለት ነው። ማንም ካልጠራሽ የለሽም። መቶ በሽተኛ ብታድኚም የለሽም።»

ቤት ገብቼ ይህንን ለአባቴ ነገርኳቸው። የሙሰብሓቸውን ዶቃ እየቆጠሩ ሰሙኝና «እኛም ዘንድ አለ» አሉ። «እገሌ ከእገሌ ሰማ፣ እገሌ ደግሞ ከእገሌ እየተባለ እስከ ነቢዩ ይደርሳል። ግን ዑለማዎቹ ወሬውን ስንት ሰው እንዳወራው አይተው ብቻ አይቀበሉትም። መጀመሪያ የሚጠይቁት ከሰዎቹ መሀል የዋሸ አለ ወይ ብለው ነው።» ለዶክተሩ ስነግረው ወደደው። «አባትሽ ሳይንቲስት መሆን ነበረባቸው» አለኝ።

ሴትዮዋ የመጣችው በቡና መኪና ላይ ተጭና ከመቻራ ነው። ዕድሜዋ የእናቴ ያህል ነው። ግራ ጉንጯ አብጦ አንድ ዓይኗን ከድኖታል። አብሯት የመጣው ትልቁ ልጇ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ገበሬ፣ እጇን አንድ ጊዜም አልለቀቀም። ዶክተሩ አፏን ካየ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ እንደ ዘበት «ትቅማለች?» አለኝ።

ጠየቅኳት። ያን ሁሉ ሕመም ተሸክማ ሳቀች።

«ወላሂ፣ ጫት በአፌ ገብቶ አያውቅም» አለች። «ባሌን የበላው እሱ አይደለም እንዴ? ባሌ ሊቅም በርጫ ላይ ሲቀመጥ ቡናውን የለቀምኩት እኔ ነኝ። ጻፊው ኢንተላ ቲያ። እንዳትረሺው።»

«ልጄ» ስላለችኝ ነው መሰለኝ እንዳለችው ጻፍኩት። ቅጹ ላይ ቦታ ስለሌለው በደብተሬ ዳር፦ «ጫት ቅማ አታውቅም። ጻፊው ብላለች።»

ከዚያ ሥጋው እንዲቆረጥ መፍቀዷን የሚያሳይ የጣት አሻራዋን መውሰድ ነበረብን። ልጅየው ለምን እንደሚቆረጥ ጠየቀ። ዶክተሩ በአማርኛ መለሰ፦ «ውጭ አገር ባለ መሣሪያ ይመረመራል በይው። ውጤቱም ይመጣል።»

እንዳለኝ ነገርኩት።

«መቼ ይመጣል?»

«ዓመት ሳይሞላ» አለ ዶክተሩ። «ዓመት ሳይሞላ» አልኩ እኔም በኦሮምኛ። አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። ጣቷ ቡና በመልቀም ብዛት ተሰነጣጥቆ መስመሩ አልወጣ ስላለ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።

ቡናው ተለቅሞ ሳያልቅ ሞተች። ልጅየው በመቻራ ሾፌሮች በኩል መልእክት ይልክብኝ ጀመር። አንዱ ሾፌር ላቦራቶሪው በር ላይ ቆሞ «የእናቱ ውጤት መጣ ወይ ብሎሻል። ዓመት ሳይሞላ ብላለች ነው የሚለው» አለኝ። «ብላለች» ነው እንጂ «ብሏል» አልነበረም። ቃሉን የሰጠው በእኔ አፍ ስለሆነ ቃሉ የእኔ ነበር።

ዓመቱ ግን ሞልቶ አለፈ፤ ጠርሙሶቹ ገና ከእኔ መደርደሪያ አልተነሡም ነበር። በመጨረሻ ዶክተሩ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አገኘ፤ ነቀርሳ በሴሉ ውስጥ፣ ከዘር በሚወረሰው ጂን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሊያጠና። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ በጥጥ ጠቅልዬ በሳሙና ካርቶን አሸግሁለት። ቅጾቹን በቁጥር ቅደም ተከተል አደራጀሁለት። በዚያ ሳምንት ነው በእያንዳንዱ ቅጽ ግርጌ በእጁ አንድ መስመር የጨመረው። ጫት የሚል።

«ዶክተር፣ ይሄንን እኮ የጠየቅነው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሰዎች ብቻ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። ሁሉንም ባዶውን ተዪው። እዚያ አስብበታለሁ።»

«ደብተሩንስ ይወስዱታል?»

«አማርኛ አይደል? እዚያ ማን ያነበዋል? አንቺ ጋ ይቀመጥ።»

ሚኤሶ ድረስ ሄጄ ሸኘሁት። ባቡሩ ዘግይቶ ነበር፤ በዚያ ሙቀት ጥላ ፍለጋ ከማሽላ ጆንያ አጠገብ ቆምን። «ስምሽ ከስሜ ቀጥሎ ይሆናል» አለኝ። አልጠየቅኩትም፤ ራሱ ነው ያለው። ባቡሩ እስኪጠፋ እጄን አውለበለብኩ።

ከዚያ የድርቁ ዓመት መጣ፤ ቀጥሎ የመንደር ምሥረታው። ሰዉ ከየኮረብታው እየተነሣ፣ ጎጆው እየፈረሰ፣ ቆርቆሮና እንጨቱን ተሸክሞ በመስመር በተሠራ መንደር ገባ። በደብተሬ ከጻፍኳቸው መንደሮች ግማሾቹ ጠፉ። አንድ ሰው ተነሥቶ የእነዚያን ሰዎች ቤተሰብ ልፈልግ፣ የተጻፈው እውነት መሆኑን ልጠይቅ ቢል እንኳ የት ሄዶ ያገኛቸዋል?

ጽሑፉ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዶክተሩ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተመ ቅጂ ለሐኪም ቤቱ ላከ፤ ሽፋኑ ላይ «ለባልደረቦቼ» ብሎ ፈርሞበታል። አስተዳዳሪው ሠራተኛውን ሰበሰበ። ከፓርቲ የመጣው ጓድ «የአውራጃችን ጤና ሠራተኞች ስም በዓለም አደባባይ ተነሥቷል» ብሎ አስጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። የማን ስም እንደተነሣ ገና አላነበብኩም ነበር።

መስተዋት ባለው ፍሬም ተደርጎ ኮሪደሩ ላይ ከመሰቀሉ በፊት አስተዳዳሪውን ለምኜ ወደ ቤት ወሰድኩት። መዝገበ ቃላት ይዤ ስታገለው ሰነበትኩ። እውነቱን ልናገር፦ መጀመሪያ የፈለግሁት የራሴን ስም ነው። ከላይ ከእሱ ስም ቀጥሎ ሦስት የማላውቃቸው የፈረንጅ ስሞች አሉ። መጨረሻ ላይ በትንንሽ ፊደል «ለአካባቢው ሠራተኞች ምስጋና ይድረስ» ይላል። ከዚህ ሌላ የለሁም። አለቀስኩ። ለራሴ ነው ያለቀስኩት፤ ለማንም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው ሠንጠረዡን ያየሁት። የሰዎቹ ስም የለም፤ ቁጥር ነው ያለው። ቁጥሮቹ ግን እኔ በጠርሙሶቹ ላይ የጻፍኳቸው ናቸው። የሴትዮዋን ቁጥር አገኘሁት። ሴት፤ ዕድሜዋ፤ መቻራ፤ ግራ ጉንጭ። ቀጥሎ ጫት በሚለው ሥር፦ አዎ፣ ለረጅም ዓመታት።

ወደ ላይ ሄድኩ፣ ወደ ታች ሄድኩ። ሁሉም «አዎ» ነው። አንድም ባዶ አልነበረም። ጽሑፉ የሚለው፣ እንደገባኝ፣ በእነዚህ ሰዎች ሥጋ ውስጥ ጂኑ በተለየ መንገድ ተጎድቷል፣ ያ ጉዳት ደግሞ ጫት ከመቃም ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ነው። ጉዳቱን በመሣሪያው አይቶት ይሆናል። መሣሪያውን አላየሁም፣ አልከራከርም። ጫቱን ግን ማንም አላየም። ጫቱ የመጣው ከእሱ እስክሪብቶ ነው።

ዝም አልኩ። ይህንንም መናገር አለብኝ። ወረቀቱን መለስኩ፣ ተሰቀለ፣ በየቀኑ በሥሩ አልፋለሁ።

ዝምታዬ የተሰበረው ገለምሶ ላይ ነው፤ እሱም በእኔ አይደለም። አስተዳዳሪው በጽሑፉ ላይ ተመሥርቶ ሕዝብ ይማር የሚል ትእዛዝ ደረሰኝ ብሎ ኦሮምኛ ስለምችል እኔን አስከትሎ ሄደ። የገበያ ቀን ነበር። ቀበሌው ሰዉን በድምፅ ማጉያ ሰበሰበው። ጫት ነጋዴዎቹ ዘንቢላቸውን አጠገባቸው አድርገው ተቀምጠው በንቀት ያዩናል። እኔ የተሰጠኝን ወረቀት እያየሁ በኦሮምኛ ተናገርኩ። ከዚህ አካባቢ የሄዱ በሽተኞች በውጭ አገር ተመርምረው ሁሉም ቃሚዎች ሆነው ተገኝተዋል አልኩ።

አንድ ሰው ከመሃል ተነሣ። ጢሙ ሸብቷል፤ ለቡና ሽያጭ የመጣ ነው። ወዲያው ባላውቀውም ድምፁን አወቅሁት።

«የእናቴ ሥጋ ከዚያ ውስጥ አለ?» አለ።

«አለ» አልኩ።

«ውጤቱ መጥቷል ማለት ነው?»

ወረቀቱ ላይ አቀረቀርኩ።

«ሁሉም ቃሚ ነበሩ አልሽ። እናቴ ቃሚ ነበረች? በእጅሽ አልጻፍሽም? ጻፊው ስትልሽ አጠገቧ ነበርኩ።»

አስተዳዳሪው ኦሮምኛ አይሰማም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ምን አለ?» አለኝ።

«ስለ ሕክምናው ነው የሚጠይቀው» አልኩት። ለልጅየው ደግሞ «ወረቀቱ እንዲህ ነው የሚለው» አልኩ።

ትንሽ አየኝ። «ኩን ሶባ» አለ፤ ይሄ ውሸት ነው ማለት ነው። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሰዉ ዞሮ ነው ያለው። ጫት ነጋዴዎቹ ሆ ብለው ሳቁ፣ አንዷም እልል አለች፤ ስብሰባው በዚያው ተበተነ። ጫት ጉዳት ይኑረው አይኑረው እኔ አላውቅም፤ ጉዳት ሊኖረውም ይችላል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ገለምሶ ላይ ማን ቢናገር ማን ያምነዋል? እውነት ቢሆን እንኳ በውሸት ቀብረነዋል።

ስንመለስ አስተዳዳሪው ሕዝቡ ኋላ ቀር ነው እያለ ሲያማርር ነበር። እኔ በመስኮት ነበር የማየው።

ለዶክተሩ የጻፍኩት በዚያው ሳምንት ነው። ስለ ስሜ አንድም ቃል አላነሣሁም፤ ስለ ሴትዮዋና ስለ ባዶዎቹ መስመሮች ብቻ ጻፍኩ። መልሱ ከብዙ ወር በኋላ መጣ።

«ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽ አስደስቶኛል። ያልተሞሉትን በአካባቢው ልማድ መሠረት ሞልተናቸዋል፤ በእኛ ሙያ የተለመደ ነው። አንዲት ሴት ደግሞ ውጤቱን አትለውጠውም። ስምሽን በሚመለከት አዘጋጆቹ ቦታ የለንም ስላሉ አዝኛለሁ።»

ስለ ስሜ አልጠየቅኩትም ነበር። ከደብዳቤው ጋር የታተሙ ሥራዎቹን ዝርዝር ልኮልኛል። አነበብኩት። ከእነዚያው ጠርሙሶች አምስት ጽሑፍ ወጥቷል፤ ርእሱ ይለያያል እንጂ ጠርሙሱ ያው ነው። ከመጀመሪያው ጽሑፍ አጠገብ እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ በእጁ ጽፎበታል። እኔ ደስ እንዲለኝ መሆኑ ነው።

መጽሔቱን ለሚያዘጋጁት ሰዎች ለመጻፍ ወሰንኩ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ረዳኝ። ከደብተሬ ገጽ ገልብጠን ከነትርጉሙ አያያዝነው። ፖስታውን ግን በመሥሪያ ቤቱ በኩል ልልክ ብዬ ተሳሳትኩ። አስተዳዳሪው ጠራኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እርማት ነው ጌታዬ።»

«የማንን ስህተት ነው የምታርሚው? ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን? ሪፖርት ያደረግንበትን?» በሩን ዘጋ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የመንግሥት የበሽተኛ መዝገብ ወደ ውጭ መላክ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? እኔ አልናገርም። አንቺም አትድገሚው» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ፈርቶ ነው፤ ለእኔም የፈራልኝ ይመስለኛል።

ደግሜ ጻፍኩት። አባቴን ከሚያውቋቸው መሃል ሚኤሶ ባቡር ተሳፍራ ጅቡቲ የምትነግድ ሴት ነበረች። ደብዳቤውን በጨርቅ ጣቃ መሃል ሸሽጋ ወሰደችውና ከዚያ ላከችው። አባቴ ታመው ተኝተው ነበር፤ የሰጠኋት በእሳቸው ፊት ነው። «ደግ አደረግሽ» አሉኝ፤ «ግን ቀድሞ ነበር።»

መልሱን ሳያዩ ሞቱ። መልሱ ደብዳቤው በሄደበት መንገድ ነው የመጣው፤ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ጉዳዩን ለጸሐፊው አቅርበንለታል፤ ዋናው ሰነድ በእጁ መሆኑን፣ የተባለችው ቴክኒሻንም በመረጃ አሰባሰቡ ላይ ኃላፊነት እንዳልነበራት ገልጾልናል፤ ስለዚህ ጉዳዩን ዘግተነዋል ይላል። ኃላፊነት እንዳልነበራት። ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ወጣት ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጣ። ትሑት ነው፤ እኔን «እትዬ» ይለኝ ነበር። እሱም ስለ አፍ ነቀርሳ ሊጽፍ ነው። የዶክተሩን ጽሑፍ ቅጂ በቦርሳው ይዞታል፤ ዳርና ዳሩ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል።

«ይሄንን ሳይጠቅስ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጽፍ የለም» አለኝ። «ማን ማንን እንደጠቀሰ የሚዘረዝር ወፍራም መጽሐፍ አለ። እዚያ ውስጥ ከስሙ ሥር ያለው ዝርዝር በየዓመቱ ይረዝማል።»

ደብተሬን ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠሁት። ተቀምጦ አነበበ። አንዱን ቁጥር ከሠንጠረዡ ጋር አስተያየ፣ ሌላውን አስተያየ። እየቆየ ፊቱ ጠቆረ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ…» አለና ተወው።

«አዎ» አልኩት። «ጻፈው።»

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ይሄን ካነሣሁ የእኔም ሥራ የሚቆምበት ያጣል። ሥራዬን የሚገመግሙት ሰዎች እሱን የጠቀሱ ናቸው። ገና ጀማሪ ነኝ።»

«እሷስ?» አልኩት። «እሷን ማን ይጥቀሳት?»

ደብተሩን በሁለት እጁ፣ በአክብሮት መለሰልኝ። ኋላ ጽሑፉ ሲወጣ ቅጂ ላከልኝ፤ ለዚህስ አመሰግነዋለሁ፣ መደበቅ ይችል ነበር። መጨረሻው ገጽ ላይ የዶክተሩ ስም አለ። የዝርዝሩ የመጀመሪያ ነው።

መንግሥት በወደቀበት ዓመት አስተዳዳሪው ከተማውን ጥሎ ጠፋ። ሐኪም ቤቱ ለጥቂት ቀን ባለቤት አልነበረውም። አልጋ ተወሰደ፣ አንሶላ ተወሰደ፣ ማይክሮስኮፔ ሳይቀር ተወሰደ። የተሰቀለውን ጽሑፍ ማንም አልነካውም።

መንገዱ ሲከፈት ሥራ ፈት ስለነበርኩ አንድ የቡና መኪና ላይ ወጥቼ መቻራ ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ጠያይቄ ቤቱን አገኘሁት። ከመስመር መንደሩ ወጥቶ ወደ ድሮ ቦታው ተመልሷል፤ አዲስ ጎጆ እየመረገ እጁ ሙሉ ጭቃ ነበር። አወቀኝ። ሰላምታዬን መለሰ፣ «ተቀመጪ» አለኝ፤ ሚስቱ ውሃ አመጣችልኝ።

ደብተሬን አውጥቼ የእናቱን ገጽ በኦሮምኛ አነበብኩለት። ዕድሜዋን፣ መንደሯን፣ ሕመሟ እንዴት እንደጀመራት። ዳር ላይ ያለውንም አነበብኩ። ለማን ለማን እንደጻፍኩ፣ ምን እንደመለሱልኝ ነገርኩት። ሁሉንም ሰማ። ጭቃው እጁ ላይ እየደረቀ ነበር።

«ታዲያ ለእኔ ለምን ታነቢልኛለሽ?» አለ። «እኔማ አውቀዋለሁ።»

«እውነቱን እንደማውቅ እንድታውቅ ነው።»

«ማወቅሽን ያኔም አውቃለሁ። ገለምሶ ላይ ዓይንሽን አይቻለሁ።» ጭቃውን በጣቱ ፈገፈገው። «ያኔ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አንድ ቃል ነበር የፈለግሁት። አታውቅም፣ ቅማ አታውቅም፣ በቃ።»

«ፈርቼ ነበር» አልኩ።

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለ። «ግን ተነሣሁ።»

ተነሥቶ ወደ ምርጊቱ ተመለሰ። ሚስቱ ምሳ ሳትበዪ አትሄጂም ብላ ያዘችኝ፤ ገንፎ በቅቤ አቀረበችልኝ። እየበላሁ እሱ ግድግዳውን ሲለስን አየዋለሁ። ከሰዓት በኋላ መኪናው ሲመለስ መንገድ ድረስ አብሮኝ መጣ። ሾፌሩን «አደራ፣ ገቢና ውስጥ አስቀምጣት፤ ላይ አትጫን» አለው። እኔን ሳይሰናበት ወደ ምርጊቱ ተመለሰ።